ሞተሩ ተነሳ

እናቴ አማርኛ የተማረችው ገበያ ውስጥ ነው። የቱላ ልጅ ናት፤ ጎመን ይዛ ሐዋሳ ገበያ መውጣት እስክትጀምር ድረስ ከሲዳምኛ ሌላ የሚያናግራት ሰው አልነበረም። አባቴ ደግሞ ከከምባታ ሥራ ፍለጋ የመጣ ሰው ነበር፤ ያገኛትም እዚያው ጎመኗ ፊት ነው። አንዱ የሌላውን ቋንቋ አይሰማም። ስለዚህ ሲጋቡ አማርኛንም እንደ ቤቱ ተከራዩት። የሁለቱም አልነበረም፤ ግን ተዋደዱበት፣ ተጣሉበት፣ ጸለዩበት፣ እኔንና ታናሽ ወንድሜን አሳደጉበት። እኛ ልጆቹ ከሱ ሌላ በቅጡ የምናውቀው ቋንቋ የለንም።

የእናቴ አማርኛ ይጥም ነበር። ቀልድ ታውቅበታለች፣ ስትቆጣም አፍ ታስይዛለች። አንድ ነገር ብቻ ነበረባት፤ የቃሉን ፊት ትውጠዋለች። «አብዪው» ማለት ሲገባት «ብዪው» ትላለች። ወንድሜ ሕፃን ሆኖ እሷ ወደ ገበያ ስትወጣ፣ በሩ ላይ ዞር ብላ «ወንድምሽን ሲርበው ብዪው፣ እሺ?» ትለኝ ነበር። ይህን የሰማች ጎረቤታችን ለሰፈሩ ሁሉ አዳረሰችው። ወንድሜ ዛሬ ባጃጅ የሚነዳ፣ ጢሙን ያሳደገ ሰው ሆኖ እንኳ የሰፈራችን የታቦር ሴቶች «ከመበላት የተረፈው» ይሉታል። እናቴም አብራ ትስቅ ነበር። ስናርማት ግን አትታረምም። «ገብቷችኋል አይደል? ታዲያ ምን ቀራችሁ?» ትለናለች። እውነቷን ነው፤ ሁልጊዜ ይገባን ነበር።

አባቴ አትክልተኛ ነበር። ሐይቁ ዳር ባለ አንድ ትልቅ ግቢ ውስጥ ሣር ሲያጭድና አበባ ሲኮተኩት ኖሮ፣ የግቢው ባለቤቶች ዘግተው አገር ሲለቁ ትንሿን ትራክተር ለሱ ትተውለት ሄዱ። ትራክተር ስል የእርሻው ዓይነት አይምሰላችሁ። ሆዷ ሥር የማጨጃ ስለት ያላት፣ ሰው ላይዋ ተቀምጦ የሚነዳት፣ ከባጃጅ የምታንስ የግቢ ሣር ማጨጃ ናት። ቀለሟ ድሮ ቀይ ነበር። አባቴ በሷ የቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ የሠርግ መስክ፣ የዩኒቨርሲቲ መምህራንን ደጅ እያጨደ እኛን አስተማረን። ባትሪዋ ከሞተ በኋላ ሌላ አልፈለገላትም። ሞተሩ አናት ላይ ያለውን ገመድ አንዴ ሳብ ያደርገዋል፤ ይነሳለታል። ለሌላ ሰው ግን እሺ አይልም ነበር። ወንድሜ እጁ እስኪላጥ ይጎትትና ተሳድቦ ይተወዋል፤ ከዚያ አባቴ ፈገግ እያለ ይመጣል፣ ገመዱን በሁለት ጣቱ ይዞ ሳብ ያደርገዋል፣ ሞተሩም ምንም እንዳልተፈጠረ ዱግ ዱግ ማለት ይጀምራል።

አመሻሽ ላይ ሥራውን ሲጨርስ በዚያችው ላይ ተቀምጦ ይመጣል። ባጃጆቹ እየጮሁበት ያልፉታል፤ እሱ የአስፋልቱን ዳር ይዞ ቀስ እያለ የታቦርን ዳገት ይወጣል። እኛ ልጆቹ ድምፁን ከመንገዱ ጫጫታ ለመለየት ገና ጆሯችንን ስናቆም እናቴ ከጓዳ ሆና «ታች ነው» ትላለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ወፍጮው ጋ ደረሰ» ትላለች። ከዚያ ድምፁ በራችን ላይ ይደርሳል። አባቴ ከማጥፋቱ በፊት ሞተሩን ሁለት ጊዜ ጮክ ያደርገዋል፤ ሰላምታው እሱ ነበር። እናቴም ያኔ ወደኔ ዞራ «ራት ቅረቢ!» ትላለች። «አቅርቢ» ማለቷ ነው። እኔ ግን ሳህኑን ትቼ ወደሷ እሄዳለሁ፣ አጠገቧ ዘጭ ብዬ ጉልበቴን ከጉልበቷ አስጠጋና «ይኸው ቀረብኩ፣ ከዚህ በላይ የት ልቅረብ?» እላታለሁ። በድስት ማውረጃው ጨርቅ ትመታኛለች። አባቴ በሩ ላይ ጫማውን እያወለቀ ይስቃል። ይህ ጨዋታ በቤታችን ለዓመታት ቆየ፤ ትልቅ ሰው ሆኜ፣ ሥራ ይዤ እንኳ እቀርባት ነበር፣ እሷም ትመታኝ ነበር።

አባቴ ከሞተ ወዲህ ትራክተሯ ከእናቴ መኝታ ቤት መስኮት ፊት ለፊት፣ አቮካዶው ሥር ሸራ ለብሳ ቆመች። ለቅሶው ካለፈ በኋላ የእናቴ ወንድም ከቱላ መጥቶ ስለ ሞተሩ ጠየቀ። ጎመንና ቲማቲም የሚያለማበት ቁራሽ መሬት አለው፤ ከውሃ መሳቢያ ጋር ሊያያይዘው አስቦ ነው። አጎቴ ጥሩ ሰው ነው፤ ዝም ብሎ ዝጎ ከሚቀር ብሎ እንጂ ዓይኑ የሰው ዕቃ ላይ ሆኖ አይደለም። እናቴ ግን ቀና ብላ እንኳ ሳታየው «ይቆይ» አለችው። እሱም ሁለተኛ አላነሳባትም።

አምና በክረምቱ ማብቂያ እናቴ ታመመች። ሐኪም ቤት ከርመን «ከእንግዲህ ቤቷ ብትሆን ይሻላታል» አሉን። እኔ የምሠራው መሃል ከተማ አንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው፤ ይህ አነጋገር ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ለወንድሜ ግን አልነገርኩትም። እሱም ያውቅ ነበር፤ እሱም አልነገረኝም።

ስለራሴ አንድ ነገር ልበል። ሥራዬ ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ መረዳት ነው። «ያቺ ነጯ፣ ለሆድ የምትሆነዋ...» ሲሉኝ እጄ መደርደሪያው ላይ ደርሷል። ችኩል ነኝ። ወንድሜ «አንቺ እኮ ሰው ሳያስነጥስ ይማርህ የምትዪ ሴት ነሽ» ይለኛል። በዚህ ጠባዬ እኮራም ነበር፤ ሰዉን አላጉላላም፣ ወረፋው ቶሎ ይሄዳል።

እናቴ እየደከመች ስትሄድ አማርኛዋም አብሯት ደከመ። ብቻዋን ስትሆን በሲዳምኛ ታወራለች። የቤተ ክርስቲያን እህቶች መጥተው ሲዘምሩላት በሲዳምኛ አብራ ታንጎራጉራለች፤ ያኔ ፊቷ ያርፋል። እኛ ስንገባ ግን ቆም ትልና አማርኛውን መፈለግ ትጀምራለች። እኔና ወንድሜ የምንሰማው የጓዳ ሲዳምኛ ነው፤ ውሃ፣ እሳት፣ ና፣ ሂድ። ይህን ታውቃለች። ስለዚህ ለኛ ብላ ትደክም ነበር። አንዳንዴ አንዲት ቃል ስታጣ ዓይኖቿ ጣሪያው ላይ ሲንከራተቱ አያለሁ።

አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ትራሷን ከፍ አደረግሁላትና በመስኮቱ ወደ ግቢው ስታይ ቆየች።

«የአባታችሁን ሞተር አንሱልኝ» አለች።

«ምን አልሽ እማዬ?»

«ሞተሩን። አንሱልኝ።» እጇን ከብርድ ልብሱ አወጣችና ወደ ላይ ሳብ አደረገችው።

ሳትጨርስ ገባኝ። ወይም የገባኝ መሰለኝ። ቤቷን እያስተካከለች ነው አልኩ በልቤ። ያንን ነገር በተኛች በተነሳች ቁጥር ፊት ለፊቷ ማየት አቅቷታል፤ ወንድሟም ፈልጎት ነበር፣ «ይቆይ» ብላው ነበር፣ አሁን ይሂድ እያለች ነው። ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘልኝ። «እሺ እማዬ፣ ነገውኑ እናነሳዋለን» አልኳት። ፈገግ አለች። ከሐኪም ቤት ከወጣን ወዲህ እንደዚያ ፈገግ ስትል አላየኋትም ነበር።

ለወንድሜ ደወልኩለት። ነገሩን ስነግረው ከኋላው የባጃጁ ሞተር ይሰማል።

«ራሷ ነች አንሱት ያለችው?» አለኝ።

«ራሷ ናት። ልትሰናበተው ነው መሰለኝ።»

«ሞተር እኮ ይወርዳል እንጂ አይነሳም። ጋራዥ ውስጥ ሞተር አውርዱ ነው የሚባለው።»

«አሁን የሚታይህ እሱ ነው?» ብዬ ጮህኩበት። «እናትህ እየሞተች አንተ ስለ ጋራዥ ታወራልኛለህ!»

ይቅርታ ብሎኝ ዘጋ። ጎበዝ፣ ያን ጊዜ ትንሽ ብታገሠው ምን ነበረበት? ግን በዚያ ሰሞን በቤታችን ለቀልድም ለቃላትም የሚሆን ልብ ያለው ሰው አልነበረም።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ወንድሜ ባጃጁን ግቢ ውስጥ አስገብቶ የአባቴን የመፍቻ ሣጥን ከአልጋ ሥር አወጣ። እኔ እናቴ እንዳታይ የመኝታ ቤቱን መጋረጃ ዘጋሁት።

«ለምን ዘጋሽ?» አለችኝ።

«አቧራ እንዳይገባብሽ።»

«አሃ» አለች። ለሷ ማሰቤ መሰለኝ፤ ለሷ ማሰቤም ነበር።

ሸራውን ስንገፈው የመቀመጫው ትራስ ብቅ አለ። እናቴ ከአባቴ አሮጌ ጃኬት የሰፋችው ነው፤ የጃኬቱ ኪስ እንኳ እንዳለ ነበር። ወንድሜ አንስቶ አራገፈውና ለኔ ሰጠኝ። የማደርግበት ቢጠፋኝ አቮካዶው ቅርንጫፍ ላይ ሰቀልኩት። ከዚያ ሥራ ጀመርን። ኮፈኑን ከፍቶ አወለቀው። የቤንዚኑን ቧንቧ ዘግቶ የጎማ ቱቦውን ነቀለ፣ የነዳጅ መስጫውን ሽቦ ፈታ፣ የቤንዚን ጋኑን አወረደ። ማርሚታው፣ ጭስ ማውጫው ማለት ነው፣ ብሎኖቹ ዝገው አልፈታ አሉት። ነጭ ጋዝ ጠብ ጠብ አደረገባቸውና እስኪላወሱ ድረስ ማዳበሪያ አንጥፎ በጀርባው ሥሯ ተንፈላሰሰ፤ ሞተሩን ከስለቱ ጋር የሚያገናኘውን ቺንጋ፣ ያንን የጎማ ቀበቶ፣ ለማውለቅ ነው። እኔ ከላይ ሆኜ ያዢ ያለኝን እይዛለሁ፣ አምጪ ያለኝን አቀብላለሁ። ስንት ጊዜ የተሳሳተ መፍቻ እንዳቀበልኩት አትጠይቁኝ።

አባቴ አንድ ልማድ ነበረው። የፈታውን ብሎን መሬት ላይ አያስቀምጥም። የፈታበት ቀዳዳ ውስጥ መልሶ በጣቱ ያስገባዋል። «ብሎን ቤቱ ይደር» ይል ነበር፤ እንዲህ ከሆነ አይጠፋም፣ አይቀላቀልም። ወንድሜ ባጃጁን ሲጠግን ብሎኖቹን በየቆርቆሮው የሚበትን ሰው ነው። ያን ቀን ግን ሳያስበው ይመስለኛል፣ እያንዳንዱን እየፈታ፣ ዕቃውን እያነሳ፣ ብሎኑን ወደ ቤቱ ይመልስ ነበር። አይቼው ፊቴን አዞርኩ። ከጊዜ በኋላ፣ አጎቴ ሞተሩን በራሱ ፈቃድ መልሶ ሲያመጣው፣ ብሎን ፍለጋ አልተቸገርንም።

ማርሚታው እሺ ሲል መዶሻ ስለተጠቀመ ጩኸቱ በዛ። እናቴ እንዳትረበሽ ብዬ ገባሁ። ዓይኗ በርቷል።

«ደረሰ?» አለችኝ።

«ትንሽ ቀርቶታል።»

«ጎበዝ ነው ልጄ።» ከዚያ ጸጉሯን በእጇ ዳሰሰችና «ሻሼን ቀይሪልኝ። ሰማያዊውን» አለች።

ጸጉሯን አበጠርኩላት፤ ሳስታ ነበር፣ ማበጠሪያው ውስጥ ብዙ ቀረ፣ እንዳታየው ጨብጬ ያዝኩት። ሰማያዊውን ሻሽ አሰርኩላት። ለስንብት ነው የምታጌጠው አልኩ። እንዴት ያለች ሴት ናት ብዬም ኮራሁባት።

የቀሩት ሞተሩን ከትራክተሯ ብረት ጋር የሚያስሩት አራት ብሎኖች ነበሩ። ወንድሜ ፈታቸው። በወዲያ እሱ በወዲህ እኔ ይዘን ብድግ አደረግነው። ከባድ ነበር፤ ዘይቱ እጄን አሙለጨለጨው፣ ልጥለው ነበር፣ ጉልበቴን ሥሩ አስገብቼ ያዝኩት። አሮጌ ጎማ ላይ አሳረፍነው። ዞር ብዬ ሳይ ሞተሩ የተቀመጠበት ቦታ ላይ ቀለሙ እንደ አዲስ ቀይ ነው። ፀሐይም ዝናብም አግኝቶት አያውቅም። ወንድሜ እጁን እየጠረገ ቀዩን ሲያይ ቆየ። «እኔ ይሄን ቀለም አላውቀውም» አለ። እኔም አላውቀውም ነበር፤ እኛ ስንወለድ ሌላው ሁሉ ደብዝዞ ነበር።

ሞተሩን ባጃጁ ኋላ ወንበር ላይ በገመድ አሰርነው። ጋኑንና ማርሚታውን በማዳበሪያ አድርጎ እግር ማሳረፊያው ላይ አስቀመጠ። ሰማዩ ስለከበደ ዝናቡ ሳይቀድመው ወደ ቱላ ወረደ። ትራክተሯን ሸራውን መልሼ አለበስኳት፤ መሃሏ ስምጥ አለ።

እጄን በሳሙና ታጥቤ፣ ፊቴንም ታጥቤ፣ ወደ እናቴ ስገባ አመሻሽ ሆኗል። ትራሷን ተደግፋ ቀና ብላ ተቀምጣለች።

«ተነሳ?» አለችኝ።

«ተነሳ፣ እማዬ» አልኳት።

ጆሮዋን ወደ መስኮቱ አዘነበለች። ጠበቀች። ምን እንደምትጠብቅ ስላልገባኝ እኔም አብሬያት አዳመጥኩ። ታች አስፋልቱ ላይ ባጃጆች ያልፋሉ፣ የጎረቤት ልጆች ኳስ ይራገጣሉ። ከዚያ ወደኔ ዞራ፣ ግራ በገባው ፊት፣

«ታዲያ ምነው አልሰማሁም?» አለችኝ።

አስነሱልኝ። አስነሱልኝ ነበር ያለችው። እንደ ልማዷ አንዲት ፊደል ውጣ ነው። ወደ ላይ ሳብ ያደረገችው እጅ የአባቴን ገመድ ነበር የሚስበው። ሻሿን የቀየረችው ለስንብት አልነበረም፤ ባሏ ሊመጣ ነው። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ያንን ድምፅ ልትሰማ ነበር የፈለገችው፣ እኛ ደግሞ ታዝዘን፣ አልቅሰን፣ መጋረጃ ዘግተን፣ ነቅለን ላክነው። የሚያናድደኝ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ? በሲዳምኛ ብትነግረን ኖሮ ምን ማለት ነው ብለን ሰው እንጠይቅ ነበር። ለኛ ብላ በአማርኛ ስለተናገረች የገባን መሰለን። እንደ ድሮው ስንስቅባት ቢሆን ኖሮም ይገባን ነበር፤ «ወዴት እናንሳው እማዬ?» ብለን እንተርባት ነበር፣ እሷም በጨርቅ ትመታን ነበር። ስላዘንን ነው ያልሰማናት።

«እየመጣ ነው» አልኳት። «ትንሽ ጠብቂ፣ እየመጣ ነው።»

ግቢው ጥግ ሄጄ ለወንድሜ ደወልኩ። ቱላ ደርሷል፤ ሞተሩን አጎቴ ደጅ ላይ አውርደውታል።

«አስነሱት ነው ያለችው!»

«ምን?»

«አንሱት አላለችም! አስነሱት! አስነሱት!»

«ወይኔ» አለ፣ በቀስታ። «ይዤው ልምጣ? አሁን ይዤው ልምጣ?»

መልሶ መግጠሙ ግማሽ ቀን ይፈጃል። የእናቴን ትንፋሽ ከጠዋት ጀምሮ እየሰማሁ ነበር፤ ሥራዬ ነውና አወቅሁት። ከዚያ በኋላ በእርግጥም ብዙ አልቆየችም፤ እሑድን አይታ ሰኞን አላየችም።

«አትምጣ» አልኩት። «እዚያው መሬት ላይ አስነሱት። በስልክ ትስማው። ጋኑንና ማርሚታውን ግጠምበት፣ ያለ ማርሚታው ድምፁ ሌላ ነው።»

አጎቴ ስልኩን ተቀበለው። «ልጄ፣ ወንድምሽ ልካልሃለች ሲለኝ ገርሞኝ ነበር» አለኝ። «ይቆይ ያለች ሴት እንዴት ብላ...»

«አጎቴ፣ እባክዎ ያስነሱልኝ» አልኩት። ቃሉን ከነፊቱ፣ ከነኋላው፣ አንድም ሳላጎድል ተናገርኩት።

ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ ሳሎን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት፤ በመኝታ ቤቱ በር መጋረጃ ክፍተት በኩል እናቴን አያታለሁ፣ እሷ ስልኩን አታይም። ከወዲያ የመፍቻ ድምፅ፣ የወንድሜ ትንፋሽ። ከዚያ ገመዱ ተሳበ፤ ክርርር። ምንም። ደግሞ ክርርር። ምንም። ወንድሜ ሲሳደብ ሰማሁት፤ አጎቴ በሲዳምኛ ሲጸልይ ሰማሁት። እኔም እዚያው ቆሜ ጸለይኩ፣ ግን ጸሎት አይባልም፤ ተነሳ፣ ተነሳ፣ ተነሳ ብቻ ነው ያልኩት። መስመሩ እንዳይቋረጥ ስልኩን እንኳ መንካት ፈራሁ።

«በሁለት ጣት» አለች እናቴ ከውስጥ፣ ለራሷ።

ስልኩ ላይ ጎንበስ ብዬ «በሁለት ጣትህ፣ ቀስ ብለህ» አልኩት። ፀጥ አለ። ክርር አለ። ከዚያ ሞተሩ አንድ ጊዜ አሳለው፣ ደገመ፣ ዱግ ዱግ ዱግ አለ። ቱላ ላይ ሰው ጮኸ፤ ወንድሜ ይሁን አጎቴ አልለየሁም።

በስልክ የመጣው ድምፅ ትንሽ ነበር፣ ቀጭን፣ ሩቅ። ተስፋ ቆረጥኩ። ይሄ አይደለም ትለኛለች ብዬ ወደሷ አየሁ። ዓይኖቿን ጨፍናለች።

«ታች ነው» አለች።

እኔ እንጃ ምን እንዳነሳሳኝ፤ ስልኩን አነሳሁና ወደ በሩ ሄድኩ፣ ቀስ ብዬ። መጋረጃው ጋ ቆምኩ። ድምፁ ትንሽ ከፍ አለ። አልተነቃነቅሁም። ሰማያዊው ሻሽ ትንሽ ዘንበል አለ።

«ወፍጮው ጋ ደረሰ።»

መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ። አንድ እግር፣ ከዚያ ሌላ። ያቺ ጠባብ ክፍል እንደዚያ ቀን ረዝማብኝ አታውቅም። አልጋው ጋ ስደርስ ስልኩን ወደ አፌ አስጠግቼ «ሁለት ጊዜ ጮክ አድርገው» ብዬ አንሾካሾክሁ። ወንድሜ ለምን ብሎ አልጠየቀኝም። ሞተሩ ሁለት ጊዜ ጮኸ።

እናቴ ዓይኗን ሳትገልጥ ወደኔ ዞረች።

«ቅረቢ» አለችኝ።

ከፊቱ «ራት» ብላ ይሁን ሳትል፣ ሞተሩ ይጮህ ስለነበር አልሰማሁም። ጓዳ ሄጄ ሳህን ላምጣ ወይስ እዚሁ አጠገቧ ልሁን፣ አላወቅሁም። እኔ፣ ሰው ሳይጨርስ የሚገባኝ፣ ተናግራ ጨርሳ ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ፣ ጉልበቴን በብርድ ልብሱ ላይ ከጉልበቷ አስጠጋሁ።

«ይኸው ቀረብኩ» አልኳት። «ከዚህ በላይ የት ልቅረብ?»

ከንፈሯ ጥግ ላይ ሳቅ መጣ። እጇ ብርድ ልብሱ ላይ ወዲያ ወዲህ እያለ ጨርቋን ፈለገ።